ውሃ ይተኛበታል ወይ?

(በማኅበራችን የመገናኛ ቀን ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከውጭ ከመጡት አንዱ ስለሚኖርበት አገር ያውራን» ሲሉ ዕጣው ለእኔ ወጣ። ሆላንድ ሲባል ወተት፣ ብስክሌትና አበባ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። አበባ አለበት፤ የማወራችሁ ግን ስለ መቃብር ነው። በደስታ ቀን መቃብር አነሳህ እንዳትሉኝ። ነገሩ መጨረሻው እዚሁ ግቢያችን ድረስ ይመጣል፤ ትንሽ ታገሡኝ።

የምኖረው በደቡብ ሆላንድ፣ በማስትሪክት ከተማ አጠገብ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄድ ሲሉ ማርግራተን የምትባል መንደር አለች። እዚያ የአሜሪካ ጦር መቃብር አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወደቁ ከ8,200 በላይ ወታደሮች ያረፉበት ነው። አስከሬናቸው ያልተገኘ 1,722 ሰዎች ደግሞ ስማቸው በግንብ ላይ ተቀርጿል። እነዚህ ሁሉ፣ መቃብር ያላቸውም የሌላቸውም፣ እያንዳንዳቸው አንድ የአካባቢው ሰው ወይም ቤተሰብ አደራ ብሎ ይዟቸዋል። አንድም የቀረ የለም። እንዲያውም ተራ የሚጠብቅ ሰው ስም የተጻፈበት ዝርዝር አለ።

እነሱ ይህን ነገር የሚጠሩበት ቃል በእኛ «ጉዲፈቻ» ማለት ነው። እኔ «አደራ» የሚለው ይሻለኛል። አደራ ያዡ ሣር አያጭድም፣ ድንጋይ አያጥብም፤ ያን የአሜሪካ መንግሥት ያሠራል። ገንዘብም አይከፍልም። የሚጠበቅበት በየጊዜው እየሄደ መጎብኘት፣ አበባ ማኖር፣ የሟቹ ቤተሰብ ከተገኘ ደግሞ መጻፍ ነው። በቃ ይኸው ነው።

አመጣጡን ባጭሩ ልንገራችሁ። መቃብሩ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1944 ነው። ጦርነቱ ገና ጀርመን ድንበር ላይ ነበር። አስከሬን በጭነት መኪና ይመጣል፤ ዝናቡ አያባራም፤ መሬቱ ጭቃ ሆኗል። ጉድጓዱን በዶማና በአካፋ ከቆፈሩት መካከል የ960ኛው የስንቅና ትጥቅ አገልግሎት ሻምበል ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች ነበሩ። የዚያን ጊዜ የአሜሪካ ጦር ጥቁሩን ከነጩ ለይቶ ነበር የሚያሰልፈው። ከቆፋሪዎቹ አንዱ፣ ከአላባማ የመጣው ጄፈርሰን ዊጊንስ፣ ያኔ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ስለዚያ ሥራ ለዓመታት አልተናገረም። ያየውን የተናገረው በእርጅናው ወደ ሆላንድ ተመልሶ ሲመጣ ነው፤ በ2013 አረፈ።

የመንደሩ ሰው ይህን ሁሉ ያይ ነበር። ከአራት ዓመት ወረራ የወጣ ሕዝብ ነው። ነፃ ያወጡት ልጆች ከደጁ ሲቀበሩ አየ፤ እናቶቻቸው ከባሕር ማዶ ናቸው። ስለዚህ በ1945 እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ አንድ መቃብር ለመያዝ ተነሳ። የዚያን ዓመት ግንቦት 30 ቀን (በእነሱ አቆጣጠር) የሙታን መታሰቢያ ሲደረግ ከየመንደሩ አበባ ተሰብስቦ መቃብሩ በአበባ ተሸፈነ። ከዚያ ወዲህ አደራው ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ እዚህ ደርሷል።

ታዲያ የአዲስ አበባ ልጅ እዚህ ውስጥ ምን ያደርጋል ትሉኝ ይሆናል። በ1979 ዓ.ም. ከጂኦግራፊ ክፍል ከወጣሁ በኋላ ለካርታ ሥራ ትምህርት ኤንስኬደ ተላክሁ። ከመካከላችሁ እዚያ የተማራችሁ አላችሁ፤ እናንተ ተመለሳችሁ፣ እኔ እዚያው ትዳር ይዤ ቀረሁ። ማስትሪክት አካባቢ ከገባን በኋላ ከቤታችን ሁለት በር አለፍ ብለው አንዲት አሮጊት ይኖሩ ነበር። እናታቸው በ1945 የያዟትን አንዲት መቃብር ወርሰው ዕድሜ ልካቸውን ሲጎበኙ የኖሩ ናቸው። ልጅ የላቸውም። ጉልበታቸው ሲደክም እኔ በመኪና እወስዳቸው ጀመር። ከጥቂት ዓመት በኋላ «እንግዲህ አንተ ያዝልኝ» አሉኝ። የአደራውን ዝርዝር የሚይዘው ድርጅት ተስማማ፤ የምስክር ወረቀት ሰጠኝ። «ለምን እኔን?» ስላቸው «እዚያ ቆመህ ስትጸልይ አይቼሃለሁ» አሉኝ። እኛ አገር መቃብር ደርሶ ዝም ብሎ የሚመለስ ሰው የለም፤ እሳቸው ግን ቁም ነገር አድርገው ያዙት።

ወታደሩን በስሙ አልጠራላችሁም። ዘመዶቹ ስሙ በጽሑፍ እንዳይወጣ ጠይቀውኛል፤ ቃል ገብቻለሁ። ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በማርግራተን ካረፉት ውስጥ ከ170 በላይ የሚሆኑት ጥቁሮች ናቸው።

የእነዚህ መቃብሮች ድንጋይ ነጭ እብነ በረድ ነው፤ ለክርስቲያኑ መስቀል፣ ለአይሁዱ የዳዊት ኮከብ። የተጻፈበት ስም፣ ማዕረግ፣ የጦር ክፍል፣ የመጣበት ክፍለ ግዛትና የሞተበት ቀን ነው። የተወለደበት ቀን የለበትም። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ይህ ልጅ ስንት ዓመቱ ነበር? አሮጊቷ ለአሥርተ ዓመታት አበባ ሲያኖሩለት ኖረው ዕድሜውን አያውቁም ነበር። ፎቶግራፉንም አላዩም። የሚያውቁት የሞተበትን ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ መፈለግ ጀመርኩ። እዚህ ላይ መምህሮቻችን ልብ በሉልኝ፤ የተጠቀምኩት በሙሉ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠን የተማርነውን ነው። ካርድ ማገላበጥ፣ ቀን ከቀን ማስተያየት፣ አንዱን ወረቀት በሌላው ማረጋገጥ። ከዚያ የዘለለ ጥበብ አልጠየቀኝም።

በመጀመሪያ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያስቀመጠውን የምልመላ መዝገብ አየሁ። የተወለደበት ዓመት እዚያ ተገኘ፤ ሲሞት 22 ዓመቱ ነበር። ያላገባ፣ የእርሻ ሠራተኛ፣ ትምህርቱ ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ። ቀጥሎ የ1940ውን የሕዝብ ቆጠራ ወረቀት አገኘሁ። ይህ ቆጠራ 72 ዓመት ተዘግቶ ቆይቶ በ2012 ነው ለሕዝብ የተከፈተው። አባት፣ እናት፣ ስድስት ልጆች፤ እሱ ሦስተኛው ነው። ቤቱ የኪራይ፣ መሬቱ የሰው። የእኛ ገበሬ እኩል አራሽ የሚለው ዓይነት ማለት ነው፤ ዘሩንና በሬውን ከባለ መሬቱ ተበድሮ አርሶ፣ ምርቱን አካፍሎ፣ ዕዳውን ከፍሎ ባዶ እጁን የሚገባ። ይቺን ስታነቡ የእናንተስ አያቶች ፊታችሁ አይመጡም?

የአገልግሎት ማኅደሩን ስጠይቅ ግን መንገዱ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1973 ሴንት ሉዊስ የሚገኘው የወታደር መዛግብት ሕንፃ ተቃጥሎ፣ ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር የተሰናበቱ ሰዎች ማኅደር 80 በመቶ ያህሉ ጠፍቷል። የእሱም ከጠፉት ነው። «አልተረፈም» የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ ደረሰኝ።

የተረፈልኝ ሌላ ወረቀት ነበር። የአሜሪካ ጦር ለእያንዳንዱ ሟች ከአገልግሎት ማኅደሩ የተለየ የሞትና የቀብር ፋይል ይከፍት ነበር። ይህ ፋይል በዚያ እሳት አልተነካም። ጠይቄ ወራት ጠበቅሁና መጣልኝ። አወጣጡን ልንገራችሁ፤ አንብቤ እንደጨረስኩ ተነስቼ ወጥቼ ብዙ ተራመድኩ።

ልጁ ጥይት አልመታውም። የጭነት መኪና ሻምበል ውስጥ ሾፌር ነበር። በየካቲት 1945 ሌሊት፣ መብራት ሸፍነው በበረዶ መንገድ ጥይት ወደ ግንባር ሲያደርሱ መኪናው ተገለበጠ። ፋይሉ ውስጥ ኪሱ የተገኘው ዕቃ ዝርዝር አለ፤ አንድ ትንሽ አዲስ ኪዳን፣ ሦስት ፎቶግራፍ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ሰዓት፣ አንድ ቢላ። የሟቾች ንብረት ካንሳስ ሲቲ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በኩል ነበር ለቤተሰብ የሚላከው፤ መላኩን የሚገልጽ ደረሰኝም አለ።

ከዚያ የእናትየው ደብዳቤ። ሁለት ገጽ ነው፤ የተጻፈው በሌላ ሰው እጅ ነው። ከታች በእሳቸው ፈንታ የመስቀል ምልክት ተደርጎ ሁለት ምስክሮች ፈርመውበታል። ፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ቁጭ ብለው «እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ» የሚሉ እናቶቻችንን አስቡ፤ ልክ እንደዚያ ነው። ዕቃው መድረሱን ይናገሩና አመስግነው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ። ልጄ የተቀበረበት መሬት ውሃ ይተኛበታል ወይ? ይላሉ።

ገበሬ ናቸው። መሬትን የሚያውቁት በዚያ ነው። ልጃቸው ረግረግ ውስጥ እንዳይሆን ነው የፈሩት።

መልሱም ፋይሉ ውስጥ አለ። በማሽን የተጻፈ፣ ለሁሉም የሚላክ ዓይነት ደብዳቤ ነው። መቃብሩ በክብር እንደተያዘ፣ ካህን እንደነበረ፣ መንግሥት ሐዘናቸውን እንደሚጋራ ይናገራል። ስለ ውሃው ምንም አይልም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ለሁሉም ቤተሰብ የተላከው ቅጽ ለእሳቸውም ደረሰ፤ አጽሙ ወደ አገር ይመለስ ወይስ በውጭ ባለው ቋሚ መቃብር ይረፍ የሚል። አብዛኛው ቤተሰብ ይመለስልን ብሏል። እሳቸው ባለበት ይረፍ አሉ። ምክንያቱ አልተጻፈም፤ ያው መስቀል ምልክት ብቻ ነው ያለው።

እንግዲህ የጂኦግራፊ ተማሪ ነኝ። ያ ጥያቄ የእኔ ሙያ ነው። ማርግራተን ከፍ ያለ ሜዳ ላይ ናት፤ ከላይ ነፋስ ያመጣው ደቃቅ ለም አፈር፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ። የኖራ ድንጋይ ውሃ ያሳልፋል። በ1944 መኸር ያ ሁሉ ጭቃ የነበረው ዝናቡና የመኪናው ጎማ መሬቱን ስላላቆጡት ነው። ውሃ የሚተኛበት መሬት አይደለም። መልሱ አንድ መስመር ነበር፤ ያኔ የሚመልሰው ሰው ጠፍቶ ነው።

በአገሩ ጋዜጣ፣ በቤተ ክርስቲያን ዝርዝርና በቆጠራው ስሞች እየተመራሁ የእህቱን ልጅ አገኘኋት። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ማን እንደሆንኩ፣ እንዴት እንደደረስኩባት አስረድቼ ጻፍኩላት። የመቃብሩን ፎቶግራፍም ላክሁላት። እዚያ ያሉ ሠራተኞች ፎቶ ሲነሳ ስሙ ጎልቶ እንዲታይ ኖርማንዲ ከሚገኘው ኦማሃ የባሕር ዳርቻ የመጣ አሸዋ በፊደሉ ላይ ያሻሉ፤ ነጩ ድንጋይ ላይ ስሙ ወርቅ መስሎ ይወጣል። ከፎቶው ጋር ስለ አፈሩና ስለ ኖራ ድንጋዩ አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ ንድፍም ሣልኩ።

ፎቶው አስለቅሷታል። ያቺን አንድ ገጽ ግን ለቤተሰቡ ሁሉ አንብባላቸዋለች። አያቷ እስኪሞቱ ድረስ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ያንን ጥያቄ ያነሱ እንደነበር ነገረችኝ። ልጆቹ «የእማማ ነገር» እያሉ ለምደውት ነበር። ደብዳቤ ማጻፋቸውን ግን ከቤተሰቡ የሚያውቅ አልነበረም። እሷ ደግሞ ከሦስቱ ፎቶግራፎች አንዱን ገልብጣ ላከችልኝ። ረጅም ልጅ ነው፤ ኮፍያውን ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። አሮጊቷ ጎረቤቴ በሕይወት ስለነበሩ አሳየኋቸው። ብዙ አዩትና «ልጅ ነበር እኮ» ብቻ አሉ።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። እውነት ነው፤ ግን የሚያውለው ሰው ሲኖር ነው። ድንጋዩ ብቻውን አይበቃም። ራሱ ማርግራተን ላይ እንኳ በ2025 ከእንግዳ መቀበያው ማዕከል ስለ ጥቁር ወታደሮች የሚናገሩ ሁለት ሰሌዳዎች ተነስተው በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ትልቅ ቅሬታ ተነስቷል። ቅሬታውን ያሰሙት ሰዎች ታሪኩን ቀድመው ያጠኑና ያወቁ ስለነበሩ ነው መነሳቱ የታወቃቸው። ባያውቁትስ ኖሮ ማን ልብ ይል ነበር?

አሁን ወደ ግቢያችን ልመለስ።

እ.ኤ.አ. በ1951 የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ ተውጣጥቶ በጅቡቲ በኩል ኮሪያ ሄደ። በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተዋጋ። በተከታታይ ከዘመቱት ሻለቆች ከ120 በላይ ልጆች ወደቁ። ለጊዜው ቡሳን የተባበሩት መንግሥታት መቃብር ያረፉት አጽማቸው ወደ አገር ተመልሷል። አፍንጮ በር መታሰቢያ አለ። ከስድስት ኪሎ በእግር የሚደረስ ነው፤ እንዲያውም ቁልቁለት ነው። ስንቶቻችን ገብተን አይተናል?

ከእነዚያ ልጆች የአንዱን እንኳ ዕድሜ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ ብዬ አላስጨንቃችሁም። እኔም አላውቅም። ከወደቁት መካከል እናቱ ምን ብላ እንደጠየቀች የሚታወቅ አለ ወይ? የእኛ እናቶች መርዶ የሰሙት በሽማግሌ አፍ ነው፤ ጥያቄያቸውም በአፍ ነበር፤ ፋይል ውስጥ የገባ አይመስለኝም። ከዚያ ደግሞ ስለ ኮሪያ ዘመቻ በአደባባይ ማውራት የማይመችበት ዘመን መጣ። ብዙው ነገር ያለው ዛሬ በሕይወት ባሉ እህቶች፣ ወንድሞችና የልጅ ልጆች ዘንድ ነው። አብረዋቸው የዘመቱት በሕይወት ያሉት ዕድሜያቸው ከዘጠና አልፏል። ይህ ሥራ ለሚቀጥለው የመገናኛ ቀን ብለን የምናቆየው አይደለም።

ሐሳቤ ቀላል ነው። አንድ ተማሪ፣ አንድ ስም። የታሪክ፣ የጂኦግራፊ፣ የሶሲዮሎጂ፣ የቋንቋ ክፍሎቻችን ለተመራቂ ተማሪ የጥናት ርዕስ ሲሰጡ ከወደቁት የአንዱን ሕይወት እንዲሰጡ ነው የምለምነው። ወረቀት አለ። የ7ኛው ክፍለ ጦር የዘመቻ ሰነዶች አሜሪካ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተቀምጠዋል። ኪሞን ስኮርዲሊስ ስለ ቃኘው ጻፈው፣ በ1954 ቶኪዮ የታተመው መጽሐፍ አለ። የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ቅርሶችን የሚያውቀው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ደግሞ እዚሁ ግቢያችን ነው።

አንድ ችግር አስቀድሜ ልንገራችሁ። እኔ ያን ልጅ ያገኘሁት በቤተሰብ ስም ነው፤ የአሜሪካው ስም ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ያው ነው። የእኛ ስም በየትውልዱ ይለወጣል። ስለዚህ የእኛ ተማሪ ከአባት አልፎ የአያት ስም፣ የክርስትና ስም፣ አጥቢያውን ወይም መስጊዱን፣ የትውልድ መንደሩን መጠየቅ አለበት። አንድ ወታደር መዝገብ ላይ በአባቱ ስም፣ መንደሩ ውስጥ በፈረሱ ወይም በቅጽል ስሙ ሊታወቅ ይችላል። ይህን የሚፈታው መንደሩ ድረስ የሄደ ሰው ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ አይገኝም።

ከባሕር ማዶ ያለነው ደግሞ ለተማሪው የመንገድ ወጪና የሰነድ ቅጂ እንችል። ከአሜሪካ መዛግብት የሚገኘውን እዚያ ያሉ አባሎቻችን ይፈልጉ። እኔ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስሞች ወጪ እሸፍናለሁ፤ ደብዳቤ አጻጻፉንም፣ አጠያየቁንም ለሚፈልግ ተማሪ አሳያለሁ። መምህራን ከተስማማችሁ ዛሬ ከምሳ በኋላ ዝርዝሩን ይዤ በር ላይ እቆማለሁ።

የቤተሰብ ደጃፍ የሚደርስ ተማሪ መጨረሻ ላይ አንዲት ጥያቄ እንዲጨምር እለምናለሁ። እናቱ ስለ እሱ ምን ትጠይቅ ነበር? የሚነግረው ሰው ከተገኘ ይጻፈው። መልሱ ከሙያችን በአንዱ ዘንድ ሊኖር ይችላልና፣ ይዞት ይምጣ።

 ለከርሞ በሰላም ያገናኘን።